ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ

የእህቴ የልጅ ልጅ ሰላም ባለፈው ሰሞን ላፕቶፗን ታቅፋ መጥታ ከጎኔ ቁጭ አለችና፣ «እማማ፣ አንቺ እኮ የባዮሎጂ አስተማሪ ነበርሽ፤ እስኪ ይህን እዪልኝ» አለችኝ። የመመረቂያ ሥራዋ ነው። መነጽሬን ፈልጌ አደረግሁና አየሁት። ከታች በኩል የፈረንጅ ፊደል በአንድ መስመር ተደርድሯል። ከላዩ ደግሞ የተጠማዘዘ፣ የተጠቀለለ ባለቀለም ነገር በዝግታ ይዞራል። «ታችኛው የፕሮቲኑ ተራ ነው፤ የትኛው አሚኖ አሲድ ከየትኛው ቀጥሎ እንደሚመጣ የሚያሳይ። ላይኛው ደግሞ ያው ሰንሰለት ተጣጥፎ የሚይዘው ቅርጽ ነው። ሶፍትዌሩ ሁለቱን ያገናኛቸዋል። አሁን እዪ!» አለችና አንዷን ፊደል ነካች። ወዲያው ከተጠማዘዘው ነገር ሆድ ውስጥ አንዲት ነጥብ ቢጫ ሆና በራች። ቀጥላ ሁለት ፊደሎች ነካች። ታች በመስመሩ ላይ ተራርቀው የተቀመጡት፣ ላይ በቅርጹ ውስጥ ተቃቅፈው በሩ።

ልጅቱ ደስ ሲለኝ ለማየት ዓይን ዓይኔን ታያለች። እኔ ግን ተነሥቼ ወደ ጓሮ ወጣሁ። የተሰጣ ልብስ ላነሣ ነው አልኩ፤ ያን ቀን ልብስ አልተሰጣም ነበር። «ምን ሆንሽ እማማ?» ብላ ተከተለችኝ። «ምንም፤ በረደኝ» አልኳት። ደብረ ብርሃን መኖር ደጉ ይህ ነው፤ ለሁሉም ነገር ብርዱን ማመካኘት ይቻላል።

ያንን ነገር እኮ እኛ ሠርተነዋል! መብራት መጣ ሲሉት በሚሄድበት ዘመን፣ በሽቦ፣ በዶቃና በሱፍ ክር ሠርተነዋል፤ ኢድሪስና እኔ። እሱ ታሰረበት፤ እኔ ባሕር ማዶ ተማርኩበት። ይኸው እስከ ዛሬ የምበላው ጡረታም ከዚያው የመጣ ነው፤ ስጎርሰው አልፎ አልፎ ያንቀኛል።

ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ። ሰው ሁሉ «ጓድ» የሚባባልበት፣ ስኳር ከቀበሌ ሱቅ በራሽን የሚወሰድበት፣ ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ከቦምቦሊኖ ጋር ደግሞ በስሙኒ የሚጠጣበት ጊዜ ነበር። ጠዋት የብርድ ልብስ ፋብሪካው ፊሽካ ሲነፋ ከተማው ገና በጉም ተሸፍኖ፣ ሠራተኛው ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ በመንገዱ ላይ ይፈስ ነበር። ወንዶቹ ካኪ ሳፋሪ፣ ጸጉራቸው አፍሮ። እኛ ሴት አስተማሪዎቹ ደግሞ በእጅ የተሠራ ሹራብ፣ ከጉልበት በታች የወረደ ጉርድና የቻይና ሸራ ጫማ። ከመናኸሪያው ከፍ ብሎ ባለው ጥግ ላይ አንዲት ሻይ ቤት ነበረች። መስኮቷ ላይ የኪነት ቡድኑ መዝሙር በትልቅ ሬዲዮ ይንጣጣል፤ ባለቤቷ ሰው ሲያንስ ድምፁን ቀነስ አድርጋ የፍቅር ዘፈን በካሴት ትከፍትልናለች፤ የሚያሳስብ ሰው ብቅ ሲል ደግሞ ወደ ትግሉ ትመልሰናለች። ዛሬ እዚያ ጥግ ላይ የሞባይል ጥገና ቤት አለ፤ ባጃጁ ተሰልፎ መራመጃ የለም። ባለፍኩ ቁጥር ግን የቦምቦሊኖው ዘይት ይሸተኛል፤ እንደ ሞኝ ቆም እላለሁ።

ኢድሪስ የትምህርት ቤታችን የኬሚስትሪ አስተማሪ ነበር። አገሩ ከአንኮበር ቁልቁል፣ አልዩ አምባ ነው። ቀጭን፣ ረዘም ያለ፣ ሲስቅ ትከሻው የሚንቀጠቀጥ ሰው። ብርዱ ጠላቱ ነበር። ሳፋሪው ሥር ሁለት ሹራብ ደርቦ፣ «እናንተ ደገኞች ግን ምን በድላችሁ ነው እዚህ የተቀመጣችሁት?» ይለን ነበር። አባቴ መሪጌታ መሆናቸውን ከሰማ ጊዜ ጀምሮ ስሜን ትቶ «የመሪጌታ ልጅ» ነበር የሚለኝ። እኔም ስሙን ትቼ «አንተ ቆለኛ» እለዋለሁ። ፍቅር ነበር ወይ ትሉኝ ይሆናል፤ አልነበረም። ከዚያ የማይተናነስ ነገር ግን ነበር። አብሮ ሠርቶ የማይሰለቹት ሰው በዕድሜ ስንቴ ይገኛል?

አንድ ቀን ሽፋኑ የተገነጠለ የውጭ መጽሔት ይዞ መጣ። ውስጡ የኢንሱሊን ተራ አለ፤ ሃምሳ ምናምን አሚኖ አሲድ፣ በሁለት ሰንሰለት። በሌላው ገጽ ደግሞ የቅርጹ ሥዕል። «እናቴ የሞተችው ይህችን አጥታ ነው» አለኝ፤ የስኳር በሽታ ነበረባት። «ከየትኛዋ ፊደል ወደ የትኛው እጥፋት እንደሚኬድ ልጆቹ በእጃቸው ይዘው ቢያዩት አይረሱትም። እንሥራው!» አለ። ያን ሰሞን የሳይንስ ኤግዚቢሽን ሊደረግ ነው ተብሎ ነበር፤ ሥራው ለተመረጠለት ሰው ምሥራቅ ጀርመን ሄዶ የመማር ዕድል አለው። ኢድሪስ ለዚያ ዕድል ከኔ በፊት ሁለት ሦስቴ አመልክቶ ያላገኘ ሰው ነው። እኔ ገና መመደቤ ነበር፤ ወደ ሥራው የገባሁት እሱን ላግዝ ብዬ ነው።

ከበላይ የመጣው ትእዛዝ አንድ ነው፦ ሥራው ሁሉ ሰፊው ሕዝብ በሚረዳው ቋንቋ ይሁን። ስለዚህ የፈረንጁን ፊደል ተውነውና የፊደል ገበታውን ከአናቱ ጀምረን ለየአሚኖ አሲዱ ዓይነት አንዳንድ ፊደል አደልን። ተራውን በረጅም አቡጀዲ ላይ በቀለም ጻፍነው። ቅርጹን ከሽቦ አጥፈን ከጣሪያው አንጠለጠልነው። ዶቃ ከአልዩ አምባ ገበያ አመጣ፤ በየዶቃው ላይ ፊደሉ ተጻፈ። ከዚያ ከፋብሪካው ጥራጊ የተገኘ የሱፍ ክር ከአቡጀዲው ላይ ካለችው ከእያንዳንዷ ፊደል ተነሥቶ ሽቦው ላይ ካለችው ዶቃዋ ይታሰራል። ታች ፊደሏ ጋ ያለውን ክር ሳብ ሲያደርጉት ላይ ዶቃዋ ትነቀነቃለች። ያው የሰላም ላፕቶፕ ማለት ነው፤ የኛው ቢጫ አይበራም እንጂ።

ሥራው የሁለት ሰው ነው። አንዱ ተራውን ጮክ ብሎ ያነባል፤ ሌላው ዶቃውን በሽቦው ላይ ያስገባል፣ ክሩን ያስራል። መጀመሪያ አንድ ሙሉ ከሰዓት ለፍተን ስናበቃ ከወረቀቱ ጋር ብናስተያየው ጉድ ሆንን። ኢድሪስ «ሀ» ሲል ሀን አስገብቻለሁ፤ ለካ እሱ ያየው ሐ ኖሯል። «ሰ» ሲል ሠን አስገብቻለሁ። በጆሮ ማን ይለያቸዋል? የሰው አገር ፊደል ቢሆን ይህ ጣጣ አይመጣም ነበር፤ ጣጣው የራሳችን ነው። ሁሉንም ፈትተን እንደገና ልንጀምር ስንል ኢድሪስ፣ «እናንተ ቤት እንዴት ነው የሚለዩት? ያ ሁሉ መጽሐፍ የሚጻፈው በግምት ነው?» አለ። ሳቅሁና ከአባቴ እንደሰማሁት ደረደርኩለት፦ «ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ። ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ።» ኢድሪስ እጁን አጨበጨበ። «ወላሂ መድኃኒቱ ይኸው! እዚሁ ተቀምጠሽ ነው የምታደክሚኝ?» አለ።

ከዚያ ወዲያ ሥራው ውኃ ሆነልን። ሠን የሰጠነው ሰንሰለቱን ከራሱ ጋር ለሚያስረው አሚኖ አሲድ ነበር። በተራው ላይ አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ይቀመጣል፤ ቅርጹ ላይ ግን አንዱ ሠ ሌላውን ሠ ፈልጎ ጭምድድ አድርጎ ይይዛል፤ እነሱ ከተላቀቁ ቅርጹ የለም። ኢድሪስ ይህ ደስ ይለው ነበር፤ «ንጉሡ ካልያዘው ሁሉም ይፈታል!» እያለ ክሩን ይስባል። እኔም እስቃለሁ። ማን ልብ ብሎት! ለኛ ንጉሡ ፊደል ነው።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ተማሪው ወጥቷል፤ የቤተ ሙከራው መስኮት መስታወት ከተሰበረ ቆይቷል። በመስኮቱ ሥር የፖለቲካ ውይይት ክበቡ አባላት የጓሮ አትክልት ይኮተኩታሉ፤ ኃላፊያቸው አንድ የሥራ ባልደረባችን ነው። ስሙን አልጠራም፤ ልጆቹ እዚሁ ከተማ አሉ፣ ደጎች ናቸው። ኢድሪስ ያነባል፤ እኔ እሰካለሁ። ድምፁ ደግሞ እንደ ሙአዚን ነው፣ ሩቅ ይሄዳል። «ንጉሡ!» ይላል፤ አስገባለሁ። «ንጉሡ!» እደግማለሁ። «በ!» አስገባለሁ። «እሳቱ!... ለ!... ንጉሡ!... እሳቱ!» ተራው እንዲያ ነው፤ እኛ አልፈጠርነው። ቀስ ብዬ ስለምሰካ በየመሐሉ ፋታ ነበረ፤ እኛ አንድ በአንድ የሰማነውን ከመስኮቱ ሥር ያለው ሰው ግን አያይዞ ነበር የሰማው።

በማግስቱ ሁለታችንንም አስጠሩን። ቢሮው የካቦርት ልብስና የሲጋራ ሽታ ይሸታል። ካኪ የለበሰው ሰውዬ ወረቀት አንሥቶ ረጋ ብሎ አነበበልን፦

«"ንጉሡ፣ ንጉሡ በእሳቱ፣ ለንጉሡ እሳቱ።" ምን ማለት ነው ይህ?»

ኢድሪስ ሳቀ። ትከሻው እየተንቀጠቀጠ፣ ከልቡ ሳቀ። መጀመሪያ የጎዳው እሱ ነው።

«ፊደል ነው እኮ፣ ጓድ።»

«ንጉሡ ፊደል ነው?»

«አዎ። እሳቱም ፊደል ነው፣ ብዙኃኑም ፊደል ነው።»

«ብዙኃኑንም አስገብታችሁበታል!» ብሎ ሰውዬው አጠገቡ ያለውን ጸሐፊ አየው። ጸሐፊው ጻፈ። «"ንጉሡ ካልያዘው ሁሉም ይፈታል" ማለትህስ? እሱም ፊደል ነው?»

ኢድሪስ ሳቁ ቆመ። ስለ ሰንሰለቱ፣ ስለ እጥፋቱ ሊያስረዳ ጀመረ፤ ባስረዳ ቁጥር ነገሩ እየባሰ ሄደ። ያኔ እኔ ብድግ አልኩ።

«እኔ ነኝ ያስተማርኩት፣ ጓድ!» አልኩ፣ በአንድ ትንፋሽ። «የመሪጌታ ልጅ ነኝ። እኛ ቤት ፊደሉ የሚጠራው እንዲህ ነው። እሱ ምኑንም አያውቀውም።»

ሰውዬው አየኝ፤ ፊቱም ላላ ያለ መሰለኝ። «አንቺስ የቄስ ቤት ልጅ ነሽ፤ ከጡት ጋር የጠባሽው ነው» አለ። «እናቴም ደብዳቤ ስታስጽፍ እንዲሁ ነው የምትለው። ቶሎ አይለቅም።» ከዚያ ወደ ኢድሪስ ዞረ። «አንተ ግን የእስላም ልጅ ነህ። እናትህ ንጉሡ ሠ ብላ አላሳደገችህም። ቁጥር ሞልቶ፣ ቀለም ሞልቶ፣ ንጉሡን ያነሣኸው ፈልገህ ነው። እሷ ለምዶባት ነው፤ አንተ መርጠህ ነው።»

እኔን «ሂጂ» አሉኝ። ኢድሪስን አስቀሩት። በሩ ጋ ደርሼ ዞር ስል ሁለት ሹራብ ለብሶ እንኳ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሰላም ይህን ስነግራት መጀመሪያ ሳቀች። አልፈርድባትም፤ ታሪኩ ያስቃል። «ለፊደል?» አለች፤ «እውነት ለፊደል ብለው?» ቀጥላ ግን፣ «ታዲያ አንቺ ምን አጠፋሽ እማማ? እውነቱን ተናገርሽ» አለችኝ። ሁሉም እንዲህ ነው የሚለኝ። ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና እስኪሞት እንዲሁ ሲለኝ ኖሯል። እውነት ተናግሬ ሰው አሳሰርኩ ብሎ ማዘን ምን ዓይነት ዕብደት ነው ይለኛል። እኔ ግን ያን ዓረፍተ ነገር ባልናገረው ኖሮ ሁለታችንም ሞኝ መስለን፣ ተግሣጽ ቀምሰን እንወጣ ነበር እያልኩ ስንት ጊዜ አደርኩ! እኔ ሳልለይ ማን ይለየን ነበር? የመሪጌታ ልጅ ነኝ ስል ነው እሱ ያልሆነው ጎልቶ የታየው።

ርዕሰ መምህሩ ትምህርት ቤታችን ባዶ እጁን አይሄድም አሉኝ። ጨረስኩት። ብቻዬን፣ በሹክሹክታ፣ ፊደሉን ያለ ስሙ እየጠራሁ። አዲስ አበባ ወሰድነው። ባለሥልጣናቱ እየመጡ ክሩን ይስባሉ፣ ዶቃዋ ትነቀነቃለች፣ ይስቃሉ፣ ያጨበጭባሉ። አንዱ ይህችኛዋን ምን ትሏታላችሁ ብሎ ሲጠይቀኝ ጣቱ ሠ ላይ ነበር። «ሠ» አልኩ፤ ሌላ ምን እላለሁ። ዕድሉ ወጣልኝ። እንቢ ማለት ትችይ ነበር የሚለኝ አንድም ሰው አልነበረም፤ ከራሴ በስተቀር። ብቀር እሱ አይፈታ አልኩ። እናቴ ደስ ይበላት አልኩ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ አውሮፕላኑ ላይ ወጣሁ።

ጀርመን አገር ክፍሌ ሞቃት ነበር። ግድግዳው ላይ ያለው ብረት ሌት ተቀን ይሞቃል፤ ጠዋት በሸሚዝ ብቻ ቁጭ ብዬ ዳቦ በቅቤ እበላለሁ። ብርድ የማይችለው ኢድሪስ ደግሞ ሲሚንቶ ላይ ነው። አንድ ቀን አስተማሪያችን አረንጓዴ መስመር ብቻ የሚስል ኮምፒውተር አሳዩን። ስክሪኑ ላይ የፕሮቲን ሰንሰለት በአረንጓዴ ታጥፎ ይዞራል። ጓደኞቼ ተንጫጩ። እኔ ዕንባዬ መጣ፤ የአገር ናፍቆት ነው ብለው አባበሉኝ፣ ቸኮሌትም ገዙልኝ። በላሁት።

ስመለስ ኢድሪስ ከተፈታ ቆይቷል አሉኝ። ወደ ማስተማር አልተመለሰም፤ አገሩ ገብቶ ይነግዳል። ከአንድ ወር በላይ ዛሬ ነገ ስል ቆይቼ አንድ ቀን አንኮበር ድረስ በአውቶቡስ፣ ከዚያ በእግሬ ቁልቁለቱን ወረድኩ። ይቅርታ ልጠይቀው ነው የምሄደው። የምለውን በየጠመዝማዛው አጠናዋለሁ። ስወርድ አየሩ እየሞቀ መጥቶ ሹራቤን አወለቅሁ፤ እዚያ የኖረ ሰው ደብረ ብርሃንን ቢጠላ አይፈረድበትም።

ገበያው ደርቷል። ጨው በጆንያ፣ ጥጥ በቁና፣ ሎሚና ፓፓያ መሬት ላይ ተቆልሎ። ከሩቅ አወቅሁት፤ ሽርጥ አገልድሟል፣ ጢሙ ሸብቷል። እሱም አየኝ። አየኝና ከጨው ጆንያው ኋላ ጎንበስ ብሎ ተደበቀ! ይህን ያህል ጠልቶኛል ማለት ነው አልኩ። «ኢድሪስ!» ብዬ ተጣራሁ። ቀስ ብሎ ተነሣ። አቀፈኝ፤ ቤቱ ወሰደኝ፤ ባለቤቱ ፓፓያ ቆራርጣ አቀረበችልኝና ሁለታችንን ትታን ወጣች።

«ኢድሪስ፣ እኔ የመጣሁት...» ስል እጁን አነሣ።

«ለምን እንደመጣሽ አውቃለሁ» አለ። «ስጠብቅሽ ነው የኖርኩት። ከደብረ ብርሃን ሰው መጣ በተባለ ቁጥር እሷ ናት እያልኩ እደበቃለሁ። ዛሬም አየሽኝ።»

«ለምን ትደበቀኛለህ?»

«ስምሽን ሰጥቻቸዋለሁ።» ወደ መሬት እያየ ነበር። «ውስጥ እግሬን ሲገርፉኝ "የሷ ነው፣ እሷ ናት ያስተማረችኝ፣ እሷን አምጡ" አልኳቸው። አንድ ቀን ብቻ አይደለም። አንቺ ግን ሄደሽ ነበር።»

«ታዲያ እውነት አይደል እንዴ? ያስተማርኩህ እኔው ነኝ። እዚያው ፊትህ ነግሬያቸዋለሁ።»

«እውነትነቱንማ አውቃለሁ» አለ። «እኔ ግን የተናገርኩት እውነት ስለሆነ አይደለም። አንቺ ገብተሽ እኔ እንድወጣ ብዬ ነው። ወላሂ እንደዚያ ነው። አፉ በይኝ።»

እኔም እሱም የተናገርነው አንድ ነገር ነው፤ ቃሉ እንኳ አይለያይም። እሱ ለምን እንደተናገረው አወቀ። እኔስ? ያን ቀን ብድግ ስል ለሱ ብዬ ነበር? ወይስ የመሪጌታ ልጅ መሆኔ እንደሚያስወጣኝ ልቤ ቀድሞ አውቆ ነበር? ያን ሁሉ ዓመት እሱን ላድን ብዬ ነው ስል ኖሬ፣ እዚያች ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብዬ እርግጠኛ አለመሆኔን አየሁት። ዛሬም እርግጠኛ አይደለሁም። ያን ጊዜ ነበር መናገር። እሱ እንደነገረኝ ልነግረው ይገባኝ ነበር።

«አፉ ብያለሁ» አልኩት።

ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ። ከዚያ ሳቀ፤ ያ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ባለቤቱን ጠራት፣ ልጆቹን ጠራቸው፣ እጄን እንዲስሙ አደረጋቸው። ሎሚ በዘምቢል ሞልቶ እስከ አቀበቱ እግር ሸኘኝ። በመንገዱ ሁሉ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ጨው ገበያ ያወራልኛል፤ ቀሎታል፣ እንደ ጎረምሳ ይራመዳል። እኔ አሁን እነግረዋለሁ፣ ከዚያች ሾላ ሥር ስንደርስ እነግረዋለሁ እላለሁ። ሾላዋን አለፍናት። ደስታውን ላጠፋበት አልፈለግሁም ብዬ ለራሴ ነገርኩት፤ ለራሴ የምነግረው አላጣም። ከዚያ ወዲያ በአካል አልተገናኘንም፤ ኢድሪስ ካረፈ ብዙ ጊዜው ነው።

አቀበቱ ሥር ስንደርስ ዘምቢሉን አስያዘኝና ሁለት እጁን ዘረጋ። «አላህ እንዲህ ሆደ ሰፊ እንዳደረገሽ ያኑርሽ» ብሎ መረቀኝ።

«አሜን» አልኩ።